የማሾ ክክና የኦቾሎኒ ሐላዋ በቤት ውስጥ አሠራር

ማሾ በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ከጀመረ ወዲህ በይበልጥ የሚታሰበው እንደ ገንዘብ ሰብል ነው። ይህ ለገበሬው መልካም ነው። ነገር ግን ምርቱ ከአውድማ በቀጥታ ወደ ነጋዴ ሚዛን በሚሄድበት ቤት፣ ልጆች በስኳር ድንች፣ በጎደሬና በእንሰት ላይ ብቻ ይቀራሉ። እነዚህ ምግቦች ሆድ ይሞላሉ፤ ፕሮቲን ግን ያንሳቸዋል። ማሾና ኦቾሎኒ ከመቶ 24 እና 25 ያህል ፕሮቲን ሲኖራቸው፣ ስኳር ድንች ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም። በወላይታ ዞን ቆላ ቀበሌዎች የሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና የሴቶች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሾ ለቤትም እንዲቀር ለማስተማር ሲፈልጉ፣ ልጅም አዋቂም በሚወደው ጣፋጭ እንዲጀምሩ እንመክራለን።

ሐላዋው የሰሜን ሕንድ፣ በተለይም የራጃስታን፣ የብርድ ወራትና የሠርግ ምግብ ነው። ሕንዶች የሚሠሩት ከማሾ ክክ፣ ከተነጠረ ቅቤ፣ ከስኳር፣ ከሄልና ከለውዝ ነው። ለውዝ ስንል በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰውን የዛፍ ፍሬ ማለታችን ነው እንጂ፣ በአገራችን ብዙ ሰው በዚሁ ስም የሚጠራውን ኦቾሎኒ አይደለም። የዛፉ ፍሬ ውድ ስለሆነ በኦቾሎኒ፣ ሄሉን ደግሞ በኮረሪማ እንተካለን። ቅቤ በወላይታ ቤት እንግዳ አይደለም፤ ለጊፋታ የሚቆጠበው ቅቤ ይበቃል። ሲነጠር ግን ኮሰረትና ሌላ ቅመም አይግባበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ኦቾሎኒው ይለቀም። ሳይደርቅ የተከመረ ወይም እርጥበት ያገኘው ኦቾሎኒ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለ፣ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በመቁላት ፈጽሞ አይጠፋም፤ በዓይንም አይታይም። ስለዚህ የጨረመተውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን፣ የተሰበረውንና የመረረውን ፍሬ አንድ በአንድ ለቅሞ ማውጣት ያስፈልጋል። የተለቀመው መጥፎ ፍሬ ለዶሮ ወይም ለላም ይሰጥ የሚል ቢኖር አይሰማ፤ መርዙ በወተት በኩል ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል። መቅበር ይሻላል። ርካሽ ነው ተብሎ የተሰባበረ ኦቾሎኒ ከገበያ መግዛትም ቁጠባ አይደለም።

ለአሠራሩ አንድ ብርጭቆ የማሾ ክክ ታጥቦ በፀሐይ በደንብ ይደርቅ። ሕንዶች ክኩን ዘፍዝፈው ከፈጩ በኋላ ሊጡን ለረጅም ጊዜ በቅቤ ያማስላሉ። ይህ ብዙ ማገዶ ስለሚፈጅ፣ ደረቁን ክክ መዓዛው እስኪያውድ በምጣድ ማመስና እንደ ሽርክት አድርጎ መፍጨት ይቀላል። ቅቤውን ከክኩ ጋር እኩል የሚያደርጉም አሉ፤ እኛ ግማሽ ብርጭቆ ይበቃል ባዮች ነን።

ቅቤው ወፍራም ድስት ውስጥ ሲቀልጥ ሽርክቱ ይጨመርና፣ እሳቱ ሳይበረታ፣ ወርቅማ እስኪሆን ድረስ ያለማቋረጥ ይማሰል። ማማሰያዋን ትቶ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ አይቻልም፤ ካረረ ይመርራል። ከዚያም 3 ብርጭቆ የፈላ ውሃ፣ ወይም ውሃና ወተት ተደባልቆ፣ ጥቂት በጥቂት ይፈስበታል። በዚህ ጊዜ ድስቱ ስለሚፈናጠር ሕፃናት ከምድጃው ይራቁ። ስኳሩ፣ ሦስት አራተኛ ብርጭቆ ያህል፣ የሚገባው ሽርክቱ ከበሰለ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ከገባ ፍሬው ሳይለሰልስ ይቀራል። ውሃው ተመጥጦ ሐላዋው ከድስቱ መላቀቅ ሲጀምር፣ የተቆላና የተፈጨ ግማሽ ብርጭቆ ኦቾሎኒ ከተወቀጠ ኮረሪማ ጋር ይጨመርና ይውጣ። ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ ተደልድሎ ሲቀዘቅዝ በቢላዋ ይቆረጣል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሙሉ ፍሬ ሊታነቁ ስለሚችሉ ኦቾሎኒው ምንጊዜም መፈጨት አለበት።

ሐላዋ የዕለት ምግብ አይደለም፤ ስኳርና ቅቤው ብዙ ነው። ለዘወትር የሚሆነው ያው የታመሰ ማሾ ሽርክት ከበቆሎ ዱቄት ጋር ተገንፍቶ ያለ ስኳር ሲቀርብ ነው። እናቶች ሐላዋውን በቀመሱበት ቀን ገንፎውንም አብሮ ማሳየት ይገባል።

ለሶዶ ገበያ ሊያቀርቡ የሚፈልጉ ማኅበራት ወተቱን ትተው በውሃ ብቻ ይሥሩት፤ በወተት የተሠራው ቶሎ ስለሚበላሽ በዚያው ዕለት መበላት አለበት። ዋጋ ሲያወጡም የማገዶውንና ድስቱን ስታማስል የዋለችውን አባል ድካም ጭምር ያስሉ።