የ18 ማዞሪያ ልጆች የት ይሩጡ?

ማለዳ 12 ሰዓት አካባቢ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ቆም ብሎ ያስተዋለ ሰው ሁለት ዓይነት ሯጭ ያያል። አንደኛው ታክሲ ሊያመልጠው የደረሰ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው ዩኒፎርሙን ቦርሳው ውስጥ ጠቅልሎ፣ ቱታውን አጥልቆ፣ የቀለበት መንገዱን ዳር ዳር ይዞ ወደ ዊንጌት አቅጣጫ የሚሮጥ ተማሪ ነው። ረዳቱ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያለ ይጣራል። ልጁ በቆመው ሚኒባስና በአጥሩ መሀል ተሽሎክሉኮ ያልፋል። የሚተነፍሰው አየር ግማሹ የናፍጣ ጭስ ነው። ሁለት ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ደግሞ ተጣጥቦ ሰልፍ ላይ መገኘት አለበት።

ይህ ልጅ የስፖርት ገጾች ዞር ብለው የማያዩት አትሌት ነው። እኛ ጋዜጠኞች ብዕራችንን የምናነሳው ቦሌ ላይ የአበባ ጉንጉን ሲጠልቅለት ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን አሥር ዓመታት «ከልጅነቷ ጀምሮ የሩጫ ፍቅር ነበራት» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዘላቸዋለን። ነገሩ ግን እዚያ የተዘለለው ቦታ ላይ ነው ያለው።

ደራርቱ ቱሉን እናንሳ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ ዓለም ያወቃት ያን ቀን ነው። የመጀመሪያዋ ትልቅ ድል ግን ኦሊምፒክ አልነበረም። በተማረችበት ትምህርት ቤት በተካሄደ የ400 ሜትር ውድድር የትምህርት ቤቱን ዝነኛ ወንድ ሯጭ ቀድማ ገባች። ልብ በሉ፤ 400 ሜትር ነው፤ በአንድ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ በአንድ ፊሽካ። ያ ውድድር ባይዘጋጅ ኖሮ ልጅቷ ፈጣን መሆኗን ማን ያውቅ ነበር?

የለተሰንበት ግደይ ታሪክ ደግሞ ይብሳል፤ ያስቃልም። በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ አልሮጥም ብላ ከትምህርት ቤት ተባረረች! እንድትመለስ የተፈቀደላት ትምህርት ቤቱን ወክላ እንድትወዳደር ቃል አስገብተዋት ነው። ይህችው እምቢተኛ ተማሪ መስከረም 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ቫሌንሺያ ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ06.62 ሰከንድ፣ ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ሄንግሎ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. እንደገና ቫሌንሺያ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ02 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ሮጣ ሦስት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። የትራኮቹ በኋላ በሌሎች ተሻሽለዋል። የባረራት ሰው መልካም አደረገ ማለቴ አይደለም። ግን ያ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻን እንደ ዋዛ የማያይ ትምህርት ቤት ነበር። ዛሬ በዚህ ምክንያት ተማሪ የሚያባርር ቀርቶ ክፍለ ጊዜውን ለሌላ ትምህርት ማካካሻ የማይሰጥ ቢገኝ እሰየው ነው።

በቆጂንማ ያላወራ የለም። ደራርቱን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ካፈራች ከተማ ጀርባ ስማቸው የሚነሳው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሥራቸው ምን ነበር? የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ውድ መሣሪያ አልነበራቸውም። ሕፃናቱን በየቀኑ ያያሉ፤ ማን እንደሚፈጥን፣ ማን እንደማይደክም ያውቃሉ። የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ይህን ዕድል አያገኝም። እሱ የሚያየው ተለይቶ የመጣለትን ነው።

ትምህርት ቤትና ሩጫ የተገናኙበት ሌላም መንገድ አለ፤ እሱ ግን በተቃራኒው ነው። ጥሩነሽ እ.ኤ.አ. በ2000 ከበቆጂ ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ልትማር ነበር። ስትደርስ ምዝገባ አልፏል። ወደ ቤት ብትመለስ ትዳር ይጠብቃታል ብላ ፈራች። ስለዚህ ሩጫውን ያዘች። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ የ5 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በኋላም ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ነገር ግን አንድ ልጅ ሯጭ ለመሆን ከትምህርት ገበታ መቅረት አለበት የሚል ትርጉም እንዳይሰጠው እሰጋለሁ። ብዙ ታዳጊ ይህን ታሪክ በዚያው መንገድ ነው የሚሰማው። ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል፣ ክለብ አይቀበለውም፣ ከሁለት ያጣ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። (በነገራችን ላይ ኮልፌንና የአርሲዋን ኮፈሌን የሚያምታታ አይጠፋም። መጋቢት 1998 ዓ.ም. ጃፓን ፉኩኦካ ላይ የአጭር ርቀት አገር አቋራጭ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ገለቴ ቡርቃ የኮፈሌ ልጅ ናት። የእኛ ሰፈር ልጅ መስሏችሁ የነበራችሁ ይቅርታ!)

የ18 ማዞሪያው ልጅ ከበቆጂው በምን ያንሳል? ከፍታ ከሆነ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ ምዕራቡ ዳገት ሲጠጋ ደግሞ ይጨምራል። በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ አለ፤ ግን አውሮፓውያን ሯጮች በገንዘባቸው የሚፈልጉትን አየር የኮልፌ ልጅ በነፃ ነው የሚተነፍሰው። ዳገትም ሞልቷል። የዚህን ሰፈር ዳገት ኔልሰን ማንዴላ ሳይቀር ያውቀዋል። በ1954 ዓ.ም. ክረምት፣ 44 ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል። በግለ ታሪኩ እንዳሰፈረው ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውሃ ይዞ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ሩቅ ቦታ ደርሶ እንዲመለስ ያደርጉት ነበር። አሰልጣኞቹ የዛሬን ቋንቋ ብናውሳቸው «ኢንዱራንስ» ነበር የሚያሠሩት።

የተማረ ስፖርተኛ የሚለውም ነገር ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ከ18 ማዞሪያ በቀለበት መንገዱ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ስሙን ለሰፈሩ የሰጠው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1946 በእንግሊዞች እገዛ የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም ተምረውበታል። በአዳሪ ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ የት ይኬዳል? ሜዳ ነዋ! የዚያን ዘመን ተማሪዎች ስለ ትምህርት ቤታቸው ሲያወጉ ከእንግሊዝኛ መምህራቸው ቀጥሎ የሚያነሱት ከኮተቤ፣ ከተፈሪ መኮንን፣ ከምኒልክ ጋር ስላደረጉት ግጥሚያ ነው። ይድነቃቸው ተሰማም የተፈሪ መኮንን ተማሪ ሳለ ነበር ለቅዱስ ጊዮርጊስ መጫወት የጀመረው፤ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 በፕሬዚዳንትነት መራ። ዊንጌት ግን ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች የሚራወጡበት ቦታ አይደለም።

ታዲያ የዛሬው ተማሪ የት ይራወጣል? የከተማችንን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ገባ ብሎ ያየ መልሱን ያውቀዋል። የተማሪው ቁጥር ሲያድግ ሕንፃ ተጨመረ። ሕንፃው ያረፈው ሜዳው ላይ ነው። የቀረችው ቦታ ጠዋት የሰልፍ፣ በእረፍት የሱዚና የፔፕሲ፣ ከሰዓት የኳስ ናት። አንድ ክፍል 50 እና 60 ተማሪ ይዞ ሲወጣ 40 ደቂቃው ሰልፍ በማስያዝ ያልቃል። መምህሩ ምን ያድርግ? አንድ ኳስ ወርውሮ ጥላ ሥር ይቆማል። ወንዶቹ ኳሷን ይከባሉ፤ ሴቶቹ ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ማስታወሻ ይገለብጣሉ። ደራርቱ በዚህ ሰዓት ተማሪ ብትሆን ኖሮ ግድግዳው ሥር ከተቀመጡት አንዷ ልትሆን ትችል ነበር። ይህን ሳስብ ነው የምናደደው።

ደግነቱ ልጆቹ አርፈው አይቀመጡም። የክፍሎች ውድድር ሲደርስ ማየት ነው! 8ሀ ከ8ለ ሊጋጠሙ የማልያ መዋጮ ይጀመራል። ያልከፈለ በክፍል አለቃው ስሙ ይመዘገባል። በሰልፍ ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ድልድሉን ያነባል፤ አንባቢዋ «ተጠባቂው ጨዋታ» ስትል ድምፅዋ የሬዲዮ ስፖርት ጋዜጠኛ ይመስላል። ዳኛው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለሆነ አድልቷል ይባላል። ኳሷ መስታወት ከሰበረች ጨዋታው በዩኒት ሊደሩ ውሳኔ ይቋረጣል። በማግሥቱ ይቀጥላል። ለዚህ ሁሉ ከትምህርት ቤቱ የወጣው ወጪ አንድ ፊሽካ ነው።

ወላጅስ? «ኳሱን ተወውና መጽሐፍህን ያዝ» የሚለው እናት አባት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን የሰማ ወላጅ ልጁ ማለዳ ተነስቶ ጫማ ሲያስር ቢቆጣ አልፈርድበትም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ያን ዓመት የወደቀው ስንቱ ስፖርተኛ ሆኖ ነው? ሜዳም፣ ኳስም፣ ፊሽካም የሌላቸው ትምህርት ቤቶች አብረው ወድቀዋል። ሩጫ ውጤቱን አላበላሸውም። ሰውነት ማጎልመሻ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ስለሌለ ብቻ ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ሆነ።

ጃማይካ ትንሽ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿን በአትሌቲክስ ታወዳድራለች፤ «ቻምፕስ» ይሉታል። የኪንግስተን ብሔራዊ ስታዲየም የየትምህርት ቤቱን ቀለም በለበሰ ሕዝብ ይሞላል፤ አያት ከልጅ ልጁ ጋር ለተማረበት ትምህርት ቤት ይጮኻል። ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2003 ለትምህርት ቤቱ ዊልያም ኒብ ተሰልፎ 200 ሜትርን በ20.25፣ 400 ሜትርን በ45.35 ሰከንድ የሮጠው እዚያ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ኢቴን በምትባል የተራራ ከተማ ቅዱስ ፓትሪክ የሚባል ትምህርት ቤት አላት። እ.ኤ.አ. በ1976 ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ከአየርላንድ የመጡ ብራዘር ኮልም ኦኮኔል የሚባሉ መነኩሴ የአትሌቲክስ ዕውቀት ሳይኖራቸው ተማሪዎቹን ማሠራት ጀመሩ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ፒተር ሮኖ በሴኡል ኦሊምፒክ የ1,500 ሜትር ወርቅ ወሰደ። ሜዳ የለንም የሚል ሰው ኢቴንን ያስብ፤ አገር አቋራጭ ትራክ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰዓት የሚይዝ መምህር ነው።

በእኛም በኩል የተጀመረ ነገር የለም ማለት ግፍ ነው። በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ከተጀመረ ወዲህ ባዶ ሆዱን የሚሮጠው ልጅ ቁጥር ቀንሷል፤ ይህ ለስፖርት ምን ማለት እንደሆነ የስፖርት መምህራን ከማንም በላይ ያውቃሉ። በየሰፈሩም ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ ትንንሽ ሜዳዎች ተሠርተዋል። ለኳሱ ጥሩ ነው። የ3 ሺህ ሜትር ሯጭ ግን እዚያ ላይ ሲዞር ራሱን ነው የሚያዞረው። ለእሱ የሚያስፈልገው ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ከመኪና ነፃ የሆነ አንድ የአስፋልት ቁራጭና፣ ከሰፈሩ ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ ልጆች የሚሰለፉበት መነሻ መስመር ነው። ክፍለ ከተማው ይህን ለማድረግ በጀት መጠየቅ ያለበት አይመስለኝም። የገቡበትን ደቂቃ የሚመዘግብ አንድ ደብተር ይግዛ። ደብተሩ በዓመቱ ሲገለጥ 12 ደቂቃ ይፈጅባት የነበረችው ልጅ 10 ደቂቃ ከ40 ገብታ ከተገኘች፣ ክለቦች ወደ ኮልፌ የሚመጡበት ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።

ለጊዜው ግን ያ የማለዳው ልጅ ከዊንጌት ዞሮ እየተመለሰ ነው። ሚኒባሶቹ በዝተዋል፤ አስፋልቱን ለቅቆ ጭቃው ላይ ወርዷል። ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ የደወሉ ድምፅ ይሰማል። የጥበቃው አባት በሩን ገርበብ አድርገው ይጠብቁታል። «ዛሬ ደግሞ አረፈድክ» ይሉታል፤ እሱ ሰዓቱን አይቶ «አይ አባባ፣ ከትናንቱ በአንድ ደቂቃ ቀድሜያለሁ» ይላቸዋል።