መብራት ሲቋረጥ ራውተርን በባትሪ ማሠራት

በመርካቶ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በአንድ ሱቅ መብራት ሲቋረጥ የዋይፋይ ራውተሩ አብሮ ይጠፋል፤ በእርሱ የሚሠራ የዲጂታል ክፍያም ይቆማል። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ መስመሩ አልተቋረጠም። የቴሌኮም ጣቢያዎች በ48 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት፣ በተለምዶ ዲሲ በሚባለው፣ የሚሠሩና መጠባበቂያ ባትሪ ያላቸው በመሆኑ መብራት ቢጠፋም ለተወሰነ ጊዜ ይቆያሉ።

ራውተሩም ቢሆን 220 ቮልቱን በቀጥታ አይጠቀምም፤ አዳፕተሩ ወደ ዲሲ፣ በአብዛኛው ወደ 12 ቮልት፣ ይለውጥለታል። ስለዚህ የባትሪን ኃይል በኢንቨርተር ወደ 220 ከፍ አድርጎ በአዳፕተር መልሶ ዝቅ ማድረግ ብክነት ነው፤ ለራውተር የተዘጋጀ አነስተኛ የዲሲ መጠባበቂያ ባትሪ ይበቃል። 12 ቮልት፣ 1 አምፔር የሚል ራውተር ቢበዛ 12 ዋት ስለሚወስድ፣ 48 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ወደ 4 ሰዓት ያህል ያቆየዋል።

ተጠቃሚዎች ባትሪውን ከመግዛታቸው በፊት በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር፣ እንዲሁም የመሰኪያው መሀል ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑን ሊያረጋግጡ ይገባል። 9 ወይም 5 ቮልት ለሚጠይቅ ራውተር 12 ቮልት መስጠት ሊያቃጥለው ይችላል። የመኪና ባትሪን በቀጥታ ማገናኘትም አይመከርም፤ በሚሞላበት ጊዜ ቮልቱ ከ14 ሊያልፍ ይችላልና። በፋይበር የሚጠቀሙ ደግሞ የፋይበር መቀበያው ከራውተሩ የተለየ ከሆነ ለእርሱም ኃይል ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል።