ቢጫዋ መብራትና የኋላ ወንበር

እህቶቼ፣ ዱባይ ሰው ቤት ስሠራ መኪና ውስጥ ቦታዬ ሁሌም ከኋላ ነበር፤ ልጁን ታቅፌ፣ ያለ ቀበቶ። አንድ ቀን ከብዙ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። አስፋልቱ ላይ የከረመው አቧራና ዘይት ውሃ ሲነካው መንገዱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ኩርባ ላይ የመኪናው ኋላ ወደ ጎን ሲሄድ ተሰማኝ። "ክርርር" የሚል ድምፅ መጣ፣ ሹፌሩ ፊት ለፊት አንዲት ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም አለች፣ መኪናው ወዲያው ቀጥ አለ። እኔ ግን ከፊተኛው ወንበር ጋር ተላተምኩ፤ ከንፈሬ ደማ። ልጁ ተመስገን ምንም አልሆነም። ቁጣው ግን ለኔ ነበር፦ "ለምን በደንብ አልያዝሽውም?"

የመብራቷ ነገር የገባኝ ቆይቶ ነው። መንሸራተትን የሚቆጣጠር ሲስተም አለ፤ ኢ.ኤስ.ሲ. ወይም ኢ.ኤስ.ፒ. ይሉታል። በ1995 እ.ኤ.አ. መርሴዲስ ላይ ወጣ፣ ዛሬ አብዛኛው አዲስ መኪና አለው። መሪው የዞረበትንና መኪናው በትክክል የሚሄድበትን አቅጣጫ ያነጻጽራል። ካልተገጣጠሙ ከአራቱ ጎማዎች አንዱን ለይቶ ፍሬን ይይዛል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ይሄን የትኛውም ጎበዝ ሹፌር በእግሩ ሊያደርገው አይችልም።

መብራቷ ብልጭ ድርግም ካለች እየሠራ ነው። እየሄዳችሁ ሳትጠፋ በርታ ከቀረች ግን ወይ ተበላሽቷል ወይ ተዘግቷል። በረሃ ለሽርሽር ሲወጡ አሸዋው እንዳይዛቸው ብለው የሚያጠፉት አሉ፤ አስፋልት ሲገቡ መክፈቱን ይረሱታል። ካየሽ "መብራቱ በርቷል" ማለት ነውር የለውም፤ እነሱም እዚያው መኪና ውስጥ ናቸው እኮ።

ደግሞ ሲስተሙ የሚይዘው መኪናውን ነው፣ አንቺን አይደለም። ፍጥነት ከበዛ ወይም ጎማው ካለቀ እሱም አይችልም። ግጭት ሲመጣ የታቀፍሽው ልጅ ከእጅሽ ያመልጣል፣ ክንድሽ የቱንም ያህል ቢጠነክር። ኤምሬትስ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ የኋላ ተሳፋሪም ቀበቶ ማሰር ግዴታው ነው፤ ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅም የልጅ ወንበር ያስፈልገዋል። ሕጉ ተሳፋሪ ሲል ሠራተኛዋንም ነው።

ማዳምን መጠየቅ ከፈራሽ በልጁ ጀምሪ። ቀበቶ በዓረብኛ "ሂዛም" ነው። እኔም "ማዳም፣ ሂዛም፤ ለልጁም ለኔም" አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። በሳምንቱ የልጅ ወንበር ተገዛ። የኔ ቀበቶ ግን እዚያው ወንበሩ ስር ተቀብሮ ኖሯል፤ ራሴ ጎትቼ አወጣሁት።