የትንሿ ደም ሥር ምስክሮች

ደም በሰውነት ውስጥ ሳለ እንዲፈስ፣ ከሰውነት ሊወጣ ሲል ደግሞ እንዲረጋ ሆኖ የተሰናዳ ነገር ነው። ከነዚህ ከሁለቱ ጠባዮች አንዱ ቢጓደል ሰው በሕይወት አይኖርም። ጣቱን ቢላዋ የቆረጠው ሰው ደሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲቆምለት ነገሩን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ዳሩ ግን ያው ጣቱን ያዳነለት መርጋት፣ ያለ ቦታውና ያለ ጊዜው በልብ ወይም በአንጎል ውስጥ ከፀጉር በቀጠኑት የደም ሥሮች ላይ ቢደርስ ገዳዩ ይሆናል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው፣ ይህ መርጋት በትናንሾቹ የደም ሥሮች ውስጥ እንዴት እንደሚጀምር ሊቃውንት በእንስሳት አማካይነት የመረመሩበትን መንገድ ነው። ነገሩ የሐኪሞች ብቻ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኛ ግን ስለ ማስረጃና ስለ ምስክር የሚያስተምር ትልቅ ቁም ነገር ያለበት ሆኖ አግኝተነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ እንስሳ ለምን አስፈለገ? ከሰው የተቀዳ ደም በብርጭቆ ውስጥም ይረጋል። ነገር ግን የብርጭቆው ግድግዳ ሕያው አይደለም፤ ደሙም በውስጡ አይሮጥም። ሬሳ ሲመረመር ደግሞ የሚገኘው የነገሩ ፍጻሜ እንጂ መጀመሪያው አይደለም። ሕያው ሰውን ከፍቶ የደም ሥሩን እያቆሰሉ መመልከትን ሕግም ሕሊናም ይከለክላሉ። ስለዚህ መርማሪዎቹ የሚያምኑት ሌላ ምስክር መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

በአገራችን ሞራ ገላጮች ከታረደ ከብት ሞራ ላይ የወደፊቱን እናነባለን ይሉ እንደነበር የታወቀ ነው። በ1882 ዓ.ም. በኢጣሊያ በቶሪኖ ከተማ ፕሮፌሶር ጁሊዮ ቢዞዜሮ ካልታረደ፣ በመድኃኒት ደንዝዞ ከተኛ እንስሳ ላይ የአሁኑን አነበቡ። የጥንቸልንና ጊኒ ፒግ የሚባለውን እንስሳ አንጀት ደግፎ የያዘውን ስስ ሽፋን በማይክሮስኮፕ ሥር ዘርግተው፣ በውስጡ የሚያልፉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ተመለከቱ። የደም ሥሩ ግድግዳ ሲቆስል፣ ከቁስሉ ላይ ቀድመው የሚደርሱት ቀዮቹም ነጮቹም የደም ሕዋሳት ሳይሆኑ፣ ከነሱ እጅግ የሚያንሱና ቀለም የሌላቸው ቅንጣቶች መሆናቸውን አዩ። እነዚህም ዛሬ ፕላትሌት የሚባሉት ናቸው። መጀመሪያ ከቁስሉ፣ ቀጥሎም እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ፋይብሪን የተባለው ክር መሰል ነገር ደግሞ ክምችቱን እንደ መረብ ያስረዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአበው ምሳሌ በደም ሥር ውስጥም እውነት ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘዴው እየረቀቀ ሄደ። በ1924 ዓ.ም. በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንዲሰን የተባሉ ሊቅ በጥንቸል ጆሮ ላይ እንደ መስኮት ያለ ብርሃን አስተላላፊ መሣሪያ ገጥመው፣ እንስሳው በሕይወት ሳለ የጆሮውን ደም ሥሮች ለረዥም ጊዜ መከታተል የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በቦስተን የሚሠሩ ተመራማሪዎች የአይጥን ስስ ጡንቻ በመዘርጋት አንዲት ትንሽ የደም ሥር በሌዘር ጨረር አቆሰሉ። ፕላትሌቱንም ፋይብሪኑንም ለየብቻው በሚያበራ ቀለም ለይተው፣ መርጋቱን ከመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ጀምሮ ሲገነባ ተከታተሉት።

ይህ ሁሉ ድካም ለሕመምተኛው ምን አተረፈለት? የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱን ከአንድ በሽታ ታሪክ እናገኘዋለን። በ1924 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዶክቶር ኤላይ ሞሽኮዊትዝ፣ አንዲት የ16 ዓመት ልጃገረድ በአጭር ጊዜ ሕመም መሞቷን ገለጹ። ሬሳዋ ሲመረመር ትናንሾቹ የደም ሥሮቿ በረጋ ነገር ተደፍነው ተገኙ። ይህ በሽታ ዛሬ ቲ.ቲ.ፒ. በሚል አጭር ስም ይጠራል። ሕክምና ካላገኙት ሕመምተኞች ከ100 ወደ 90 የሚሆኑትን ይገድል ነበር። የሕመምተኛውን ፕላዝማ፣ ማለት የደሙን ውሃ፣ በጤነኛ ሰው ፕላዝማ መለወጥ ብዙዎችን እንደሚያድን በኋላ ታወቀ፤ ምክንያቱ ግን እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ በሚገባ አልተገለጠም ነበር።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። በደም ውስጥ ፎን ዊለብራንድ በተባሉት የፊንላንድ ሐኪም ስም የሚጠራ ረዥም ገመድ መሰል ፕሮቲን አለ። ሥራው ፕላትሌቶችን ከቁስል ጋር ማያያዝ ነው። ይህ ገመድ ከልክ በላይ እንዳይረዝም የሚቆርጠው አዳምትስ 13 የተባለ መቀስ መሰል ኤንዛይም ነው። መቀሱ ከጠፋ ረዥሙ ገመድ ቁስል በሌለበት ቦታ ሁሉ ፕላትሌትን እያጠመደ ትናንሾቹን የደም ሥሮች ይደፍናል።

እንግዲህ መቀስ የሌለው አይጥ ቢገኝ ወዲያው በበሽታው ይያዛል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ነገሩ እንደተጠበቀው አልሆነም። በ2005 ዓ.ም. የአሜሪካ ተመራማሪዎች እንደገለጹት፣ መቀሱ የጠፋባቸው አይጦች በጤና ይኖሩ ነበር። በሽታው በግልጽ የታየው ከሌላ የአይጥ ዘር ጋር ተዳቅለው የተወለዱት አይጦች፣ አንዳንድ የተቅማጥ ባክቴሪያዎች የሚያወጡት መርዝ ሲሰጣቸው ነው። ከዚህም የተገኘው ትምህርት የመቀሱ መጥፋት ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም፣ ሌላም ቆስቋሽ ያስፈልጋል የሚል ነው።

ቀጥሎ የቀረበው ምስክር ለሰው የሚቀርበው ዝንጀሮ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የቤልጂየምና የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች የዝንጀሮን መቀስ በመድኃኒት ሲያግዱት የፕላትሌቱ ቁጥር ወረደ፤ ትናንሾቹ የደም ሥሮችም ተደፈኑ። በ2012 ዓ.ም. ፕላትሌት በገመዱ ላይ እንዳይጠመድ የሚከለክለው ካፕላሲዙማብ የተባለው መድኃኒት በእንዲህ ያለው ዝንጀሮ ላይ ተፈትኖ ጠቀመ። ከዚያም በ145 ሰዎች ላይ ተፈተነ። ከተለመደው ሕክምና ጋር ይህን መድኃኒት ከወሰዱት መካከል በሕክምናው ወቅት በበሽታው የሞቱት፣ በሽታው ያገረሸባቸው ወይም ከባድ የደም መርጋት የደረሰባቸው ተደምረው ከ100 12 ሲሆኑ፣ መድኃኒቱን ካልወሰዱት ግን 49 ነበሩ። መድኃኒቱ በ2018 ዓ.ም. በኤውሮፓ፣ በ2019 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ።

ነገር ግን ምስክር ሁሉ ያላየውን ሊናገር አይችልም። ከ1990 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመቶች፣ ያለ ልክ የተቆጣን የሰውነት መከላከያ የሚያበርድ አንድ አዲስ መድኃኒት በአይጥ ላይ መልካም ውጤት አሳይቶ ነበር። በሰው ላይ ሲሞከር ግን በአንዳንድ ሕመምተኞች ደም ሥር ውስጥ ደም ስለረጋ ሙከራው በ1999 ዓ.ም. ቆመ። አይጡ ለምን አላስጠነቀቀም? የሰው ፕላትሌት በገጹ ላይ እንዲህ ያለውን መድኃኒት የሚቀበል አንድ ፕሮቲን ስላለው በዚያ በኩል ይቀሰቀሳል፤ የአይጥ ፕላትሌት ግን ይህ ፕሮቲን ፈጽሞ የለውም። በ2010 ዓ.ም. በፍሎሪዳ የሰውን ፕሮቲን እንዲይዙ ሆነው የተወለዱ አይጦች የዚሁ መድኃኒት ውሑድ ሲሰጣቸው፣ የሳንባቸው ትናንሽ የደም ሥሮች በረጋ ደም ተሞሉ። የፊተኛው አይጥ አልዋሸም። የጎደለው እሱን ከማመን በፊት የሚቀርብለት መስቀለኛ ጥያቄ ነበር።

ሌላም ልዩነት አለ። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ የሰው ፕላትሌት ከ150,000 እስከ 450,000 ሲሆን የአይጥ ወደ 1,000,000 ይደርሳል፤ መጠኑም ከሰው ያነሰ ነው። የቁስሉ ዓይነትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በሌዘር በቆሰለ የደም ሥር ላይ የታየው፣ በብረት ክሎራይድ በቆሰለው ላይ ላይደገም ይችላል።

የእንስሳቱም ስቃይ ሊዘነጋ አይገባም። በ1959 ዓ.ም. ራስልና በርች የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሊቃውንት፣ እንስሳውን በተቻለ መጠን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስና ስቃዩን ማቃለል የሚሉ ሦስት መመሪያዎችን በመጽሐፍ አወጡ። ዛሬ የሰው ሕዋስ በተለበጠባቸው፣ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ሰው ሠራሽ ቧንቧዎች ውስጥ የሰውን ደም እያስሮጡ መርጋቱን መመልከት ተችሏል። ይህም ዘዴ የራሱ ጉድለት አለው፤ ቧንቧው ጉበትም ኩላሊትም የለውምና። ቢሆንም እንስሳ ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ ለእንስሳ ማቅረብ ሕይወትን በከንቱ ማጥፋት ስለሆነ፣ ጥያቄውን አጥርቶ ማወቅ ራሱ የርኅራኄ ሥራ ነው እንላለን።

እንግዲህ ወጣቱ ተማሪ ወይም ባለሥልጣን «ይህ መድኃኒት በእንስሳ ላይ ተፈትኖ ደኅና ሆኗል» የሚል ወረቀት በፊቱ ሲቀርብለት፣ ከመናቁም ከመፈረሙም በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። የትኛው እንስሳ ነው? የደም ሥሩ በምን ቆሰለ? ከሰው ደም ውስጥ ካለው ነገር በእንስሳው ዘንድ የጎደለው ምንድን ነው? ለነዚህ መልስ የሚሰጥ ወረቀት ቢገኝ ይነበብ፤ የማይሰጥ ከሆነ ግን ወደ ጻፈው ሰው ይመለስ። ምክንያቱም ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ሕመምተኛ፣ ደም ሥሩ ከፀጉር የቀጠነ ቢሆንም፣ ነፍሱ እንደ ማንኛችንም ነፍስ ናት።