ውሃ ድንጋይን የሚበላው በየት በኩል ነው?



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት እኛ የአንድ ቡድን ዕጩ መምህራን ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ አባይ ቆላ በሚወርደው አገር፣ በአንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። ለሰባተኛ ክፍል ስለ ውሃ ስናስተምር «የምንጭ ውሃ በድንጋይ ተጣርቶ ስለሚወጣ ንጹሕ ነው» ብለን ሰሌዳ ላይ ጻፍን። አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ድንጋዩ የሚያጣራው ከሆነ የኛ ምንጭ ዝናብ በጣለ ማግሥት ለምን ይደፈርሳል?» አለች።

እርስ በርሳችን ተያየን። «ነገ እንመልሳለን» አልናት። ነገም አለፈ፤ ልምምዱም አለቀ፤ መልሱ ግን ዕዳ ሆኖብን ቀረ። ከመመለሳችን በፊት ምንጩን ሄደን አይተነዋል። ዙሪያው በግንብ የታጠረ ነው፤ ጎርፍ በአፉ አይገባበትም። እንግዲያው ድፍርሱ የሚመጣው ከውስጥ ነው ማለት ነው። በአጠገቡ ካለው ግራጫ ድንጋይ ቁራሽ ይዘን መጣንና ፈጭተን ሎሚ ጨመቅንበት። ዱቄቱ አረፋ አወጣ። ኖራ ድንጋይ ነው!

ይህ ድንጋይ እዚያ ምን አመጣው? በደጋው ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ምድሩ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ይመስላል። ባዛልቱ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን አባይን የተሻገረ ሰው ንብርብሩን በመንገዱ ዳር አይቶታል። ከታች ስንጀምር የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጅፕሰም ያለበት ንብርብር፣ ከዚያ በመቶ ሜትሮች የሚለካ ውፍረት ያለው ኖራ ድንጋይ፣ በላዩ የጭቃ ድንጋይና ሌላ አሸዋ ድንጋይ፣ በመጨረሻም ባዛልቱ ይገኛሉ። ኖራ ድንጋዩ የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት አካባቢና ከዚያም በፊት አገራችንን በሸፈነ ባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ነው። አንታሎ የሚለውን ስሙን ያወጣለት ብላንፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የጂኦሎጂ ሊቅ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ ጎረቤታችን መቅደላ ከዘመተው ጦር ጋር የመጣ ሲሆን ስሙን የወሰደው ከትግራዩ ሕንጣሎ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። ኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በንጹሕ ውሃ እምብዛም አይሟሟም። የዝናብ ውሃ ግን ከአየር፣ ይበልጡንም ከአፈር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ ድንጋዩን ወደሚሟሟ ነገር ይለውጠዋል። እስከዚህ ድረስ በትምህርት ቤት የተማርነው ነው። ያልተማርነው «በየት በኩል?» የሚለውን ነው።

ያልተሰነጠቀ ኖራ ድንጋይ ቀዳዳዎቹ እጅግ ጠባብ ናቸው። ውሃ ቢገባበትም እየተሳበ ነው የሚሄደው፤ ጥቂት እንደተጓዘ በኖራ ይጠግብና መብላቱን ይተዋል። በተለይ በጭቃ ድንጋይና በባዛልት ሥር የተቀበረ ከሆነ ከላይ የሚደርሰው ውሃ ጥቂት ነው። ስንጥቅ ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። ውሃው በፍጥነት ስለሚወርድ ሳይጠግብ ወደ ጥልቅ ይደርሳል። ከሁለት ስንጥቆች ሰፋ ያለው ብዙ ውሃ ይወስዳል፤ ብዙ ውሃ ስለወሰደ የበለጠ ይሰፋል፤ ስለሰፋ ደግሞ ሌላውንም ውሃ ይቀማል። ላለው ይጨመርለታል ማለት እዚህ ላይ ነው! ጥቂቶቹ ዋሻ ሲሆኑ ብዙዎቹ እንደጠበቡ ይቀራሉ። አንዳንዶቹም ውሃው ኖራውን መልሶ ሲያስቀምጥባቸው ይደፈናሉ። በድንጋይ ላይ የምናየው ነጭ መስመር ብዙ ጊዜ እንዲህ የዳነ ስንጥቅ ነው።

ስንጥቅና ስብራት ግን አንድ አይደሉም። ስንጥቅ ድንጋዩ የተከፈተበት ነው። ስብራት ደግሞ ከተከፈተ በኋላ አንዱ ወገን ከሌላው ተንሸራቶ ከፍና ዝቅ ወይም ወደ ጎን ያለበት ነው። የስብራት ጎንና ጎን በትንንሽ ስንጥቆች ስለሚሞላ ለውሃ መንገድ ይሆናል። መካከሉ ግን በመፋጨት እንደ ዱቄት ከደቀቀና ጭቃ ከሆነ ውሃ አያሳልፍም። ስለዚህ አንድ ስብራት በርዝመቱ መንገድ፣ በወርዱ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም ኖራ ድንጋዩን አንሸራቶ ከጭቃ ድንጋይ ፊት ለፊት ካቆመው ውሃው መሄጃ ያጣና ወደ ላይ ወጥቶ ምንጭ ይሆናል።

ሁለት የሚያስገርሙ ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው ስብራት ከታች የሚመጣ ሙቅ ውሃንም ያወጣል። ስኳር በሙቅ ውሃ ይበልጥ ይሟሟል፤ ኖራ ግን በተቃራኒው ነው። ስለዚህ ጋዙን እንደያዘ ወደ ላይ እየወጣ የሚቀዘቅዝ ውሃ እንደገና ድንጋይ መብላት ይችላል። ጋዙ ካመለጠው ግን ኖራውን ያራግፋል። ሁለተኛው፣ የጋዝ መጠናቸው የተለያየ ሁለት ውሃዎች እያንዳንዳቸው በኖራ ጠግበው ስንጥቅ ከስንጥቅ በሚገናኝበት ቦታ ቢቀላቀሉ ድብልቁ እንደገና ይርበዋል። የስንጥቆች መጋጠሚያ አብዝቶ የሚቦረቦረው በዚህም ምክንያት ነው።

ለዚህ ሁሉ ምስክር የሚሆነን የባሌው ሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። የዋሻው መተላለፊያዎች ተደምረው ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ካርታው ሲታይ ልክ እንደ ከተማ መንገድ የተቆራረጠ ነው፤ ውሃው የድንጋዩን ስንጥቆች ተከትሎ ስለሄደ ነው። ለተቀበረው ደግሞ ድሬዳዋን እንመልከት። ከተማይቱ በስምጥ ሸለቆ ዳር ያለች ስትሆን፣ በዚያ ያለው ኖራ ድንጋይ በስብራት ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ወርዷል። የከተማዋ የመጠጥ ውሃ የሚቀዳው ከጉድጓድ ነው። ድንጋዩ የተሰነጠቀና የተቦረቦረ መሆኑ ውሃ ያስገኛል፤ ያው ቀዳዳ ግን ቆሻሻንም ያሳልፋል። በከተማዋ ጉድጓዶች ከመጸዳጃ ቤት ጭምር የሚመጣ ናይትሬት መጨመሩን ጥናቶች አሳይተዋል።

እንግዲህ ለዚያች ልጅ መልሱ ይኸውላት። ድንጋዩ ወንፊት አይደለም፤ ቧንቧ ነው። ውሃሽ በዝናብ ማግሥት የሚደፈርሰው በሰፋ ስንጥቅ በኩል ሳይጣራ በአንድ ሌሊት ስለሚደርስ ነው። ሰዎቹን ስንጠይቅ ከምንጩ በላይ ጎርፍ የሚሰወርበት ሽንቁር እንዳለ፣ የሞተ ከብትም አንዳንዴ እንደሚጣልበት ነግረውን ነበር። ያን ጊዜ ነገሩን ከምንጩ ጋር አላገናኘነውም። ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል፤ «ንጹሕ ነው» ብለን ያስተማርናቸው ልጆች የሚጠጡት ያንን ውሃ ነውና።

ስለዚህ እኛ ከአሁን በኋላ ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ምንጭ ንጹሕ መሆኑ የሚታወቀው ውሃው የመጣበት መንገድ ሲታወቅ ነው።» ወደ ገጠር የምትመደቡ ጓደኞቻችንም ምንጩ ከዝናብ በኋላ መልኩ ይለወጥ እንደሆነ ልጆቹን ጠይቋቸው። ከተለወጠ ከምንጩ በላይ ያለውን ሽንቁር ፈልጉ፤ ቆሻሻም ሆነ የሞተ ከብት እንዳይጣልበት፣ መጸዳጃ ቤትም እንዳይቆፈርበት ከሰዉ ጋር ተነጋገሩ፤ ውሃው ተፈልቶ ይጠጣ። ጥርት ብሎ መታየቱም ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም።

እኛም ደብዳቤ ጽፈን መልሱን ለልጅቷ ክፍል ልከናል። መምህሮቻችን በዚህ ጽሑፍ ላይ ስሕተት ካገኙ ቀይ እስክሪብቶአቸውን አይንፈጉን።