ለቤት መኪና የትኛው የፍሬን ዲስክ ይሻላል?

ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ጋራዥ አንድ ደንበኛ ኮሮላቸውን ይዘው መጡ። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ የፍሬን ፔዳሉ ወለል ድረስ ገብቶባቸው፣ በማርሽና በእጅ ፍሬን እንደምንም ጥግ ይዘው ነው የቆሙት። ቤተሰብ አሳፍረው ነበር። «ልጄ፣ ያንን ቀዳዳ ቀዳዳውን የሩጫ መኪና ዲስክ ግጠምልኝ፤ ገንዘቡ አያሳስብህ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ልል ምንም አልቀረኝም። አለቃችን ግን «መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱን እንይ» አሉ። ያን ቀን ያየሁትን ክፍል ውስጥ ከተማርነው ጋር አያይዤ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

የዲስክ ሥራ ምንድን ነው?

ፍሬን መኪና ያቆማል እንላለን እንጂ ሥራው እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። 1,500 ኪ.ግ የሚመዝን መኪና በሰዓት 80 ኪ.ሜ እየሄደ ቢቆም 370 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይፈጠራል። የፊት ፍሬኖች 70 በመቶውን ቢወስዱና እያንዳንዱ የፊት ዲስክ 5 ኪ.ግ ቢመዝን፣ የዲስኩ ሙቀት በ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጨምራል። ይኼ ቀላል ነው። ያው መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ግን 14.7 ሜጋ ጁል ይለቃል። ከ80 ላይ 40 ጊዜ እንደ መቆም ማለት ነው! ሞተሩ በከባድ ማርሽ ካልያዘልን አብዛኛው ሸክም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዲስክ ስንመርጥ ጥያቄው «ምን ያህል ሙቀት ይይዛል? በምን ፍጥነትስ ያስወጣል?» የሚል ነው።

አማራጮቹ

ድፍን ዲስክ፦ ቀላልና ርካሽ ነው። ሙቀት ቶሎ ስለማያስወጣ በብዛት የሚገኘው የኋላ እግር ላይ ነው።

ባለ አየር መተላለፊያ፦ በሁለቱ ገጾች መካከል ክንፎች አሉት። ሲሽከረከር አየር ከመሀል ስቦ ወደ ውጭ ይገፋል። ለፊት እግር የተለመደው ይኸው ነው።

ባለ ቀዳዳ፦ ድሮ ሸራ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ መውጫ እንዲያገኝ ነበር ጥቅሙ። የዛሬ ሸራዎች ይህ ችግር እምብዛም የለባቸውም። ቀዳዳው ውሃ ቶሎ ቢያስወግድም፣ ሙቀት የሚይዘውን ብረት ይቀንሳል፤ ደጋግሞ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ደግሞ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ጠርዝ ነው።

ባለ ቦይ፦ ቦዩ የሸራውን ፊት ይጠርጋል። ከባለ ቀዳዳው ይልቅ ስንጥቅ ይቋቋማል፤ ግን ሸራ ቶሎ ይበላል፣ ድምፅም አለው።

ትልቅ ዲስክ፦ እውነተኛ ለውጥ የሚያመጣው ይኼ ነው። ሸራው የሚይዝበት ራዲየስ ከ105 ወደ 120 ሚ.ሜ ቢያድግ በዚያው ግፊት የማቆም ጉልበቱ 14 በመቶ ይጨምራል፤ ብረቱም ይበዛል። ነገር ግን የካሊፐሩ መያዣ መቀየር አለበት፣ ቸርኬውም ሊጠብ ይችላል። የፊቱ ብቻ ሲያድግ የፊትና የኋላ ሚዛን ይዛባል።

አንድ ነገር አንርሳ። ፍሬናችን ጎማ መቆለፍ ከቻለ፣ በአንድ ጊዜ አቁም የመቆሚያውን ርቀት የሚወስነው ጎማውና አስፋልቱ ነው። የተሻለ ዲስክ የሚጠቅመው ተደጋጋሚ ወይም ረጅም ፍሬን ሲኖር ነው።

ወደ ኮሮላው እንመለስ

ዘይቱ ጠቁሮ ነበር። ዶት 3 ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል የገባው ለዚህ ነው። ዲስኩንም በማይክሮ ሜትር ስንለካው ጠርዙ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ሆኖ አገኘነው።

መፍትሔው ታዲያ በፋብሪካው ልክ የተሠራ፣ ባለ አየር መተላለፊያ፣ ጥራት ያለው የብረት ዲስክ በሁለቱም የፊት እግሮች፣ አዲስ ሸራና አዲስ ዘይት ሆነ። ከመግጠማችን በፊት የሀቡን ዝገት ጠረግን። ብዙ ጊዜ «ዲስኩ ተጣመመ» የሚባለው መንቀጥቀጥ ከዝገትና ዲስኩ ላይ ወጣ ገባ ሆኖ ከተለጠፈ ሸራ ነውና። ከዚያም ሙሉ በሙሉ ሳናቆም በተደጋጋሚ ለስለስ አድርገን እየያዝን ሸራውንና ዲስኩን አለማመድናቸው።

ጋሼ ባለ ቀዳዳውን ዲስክ አልገዙም። አለቃችን ቁልፉን ሲሰጧቸው የነገሯቸውን ለእኛም ልድገመው፦ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሱ፤ ሞተር የያዘውን ዲስክ አይሸከመውም።