ከ1974 እስከ 1993 የጠበቀው መቃብር

ሰሞኑን አማን ውስጥ ቡና በሚፈላበት አንድ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ደብተሯን ታቅፋ ጥግ የተቀመጠች የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አያቷን “አባባ፣ ኢዛና ግሪክኛ ይችል ነበር እንዴ?” ብላ ጠየቀች። አያቷ ሳቁ። “እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ! ይልቅ እንግዳውን ጠይቂ።” ነገሩ ወደ እኔ ዞረ።

ጥያቄው ከየትም አልመጣም። አክሱም ያለው የኢዛና ድንጋይ የንጉሡን ዘመቻ በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ ይተርካል። ከእርሱ በፊት የነገሠው እንዱቢስም ያስመታው ገንዘብ ላይ ስሙን ያስቀረጸው በግሪክ ፊደል ነው። ግሪክኛ በዚያ ዘመን የቀይ ባሕር ነጋዴ መግባቢያ ነበርና ዕቃውን የሚሸጥ መንግሥት ቋንቋውን ሳይፈልገው አይቀርም።

ከመሬት በታች ያለውን ማውጣት ግን ዕድሜ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1906 ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን ቡድን ሐውልቶቹንና ፍርስራሾቹን ለክቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ሄደ። ኔቪል ቺቲክ በ1972 ቁፋሮ ጀመረ። በ1974 የጡብ ቅስት ያለውን መቃብር አገኘ፤ በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳና ሥራው ተቋረጠ። ቺቲክ በ1984 ሲሞት ዘገባው ገና አልታተመም ነበር። በ1989 ለኅትመት ያበቃው ሌላ ሰው፣ ስቱዋርት ሞንሮ-ሄይ ነው። መቃብሩ ደግሞ ዴቪድ ፊሊፕሰን በ1993 አክሱም ላይ ቁፋሮውን እስኪቀጥል ጠበቀ። ድሮ ሌቦች ገብተውበት የነበረ ቢሆንም፣ የወይን ሐረግና እንስሳት የተቀረጹበት የዝሆን ጥርስ ወጣበት። እኔን የሚገርመኝ ከዝሆን ጥርሱ ይልቅ አንዱ የጀመረውን ሌላው ከጣለበት ማንሣቱ ነው።

“እኛ ጋስ ለምን አይቆፈርም?” አለች ልጅቷ። ከፋ ውስጥ ዋሻዎች ተቆፍረዋል፤ ዝናብ በማይደርስበት ደረቅ አፈር ውስጥ የዕፅዋት ቅሪት ሳይቀር ተገኝቷል። ከዋሻ ውጪ ግን የደቡብ ምዕራብ ሰው ቤቱን በእንጨትና በቀርከሃ ይሠራ ነበር፤ ዝናቡና ምስጡ ደግሞ ለቆፋሪ የሚያስቀሩት ጥቂት ነው። ይህን ስነግራት አያቷ ስኒውን አስቀመጡ።

“የአባቴ ቤት እዚያ ነበር” አሉ፤ ከጓሮው እንሰት ወዲያ በእጃቸው እያመለከቱ። “በሩ ወደ ታች ነው የሚያየው።”

ልጅቷ እርሳሷን አነሣች።